አሥራ አንዱ ሌባ ሽቦዎች

ጎባ ላይ «አባ ሽቦ» ሲባል የማያውቀው ሰው አልነበረም። ስሙ ኃይለመስቀል ተክለማርያም ነው፤ ግን ስም ማውጣት የሕዝብ ነው፣ ምን ይደረጋል። አባቱ ባሌ ሲያዝ ከሸዋ ጦር ጋር ዘምቶ፣ ጋሻ መሬት ተሰጥቶት እዚያው የቀረ ወታደር ነበር። ልጁ ግን ጠመንጃውም መሬቱም አላማረውም። አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቁጡ ፈረንጅ በፈረንሳይኛ ሲሰድበው ከርሞ፣ የስልክ ሠራተኛ ሆኖ ተመለሰ።

ሙያው ምን ነበር መሰላችሁ? ሽቦ መቀጠልማ ማንም ይቀጥላል። እሱ የሽቦ ንድፍ ማንበብ ያውቅ ነበር። ስልክ ሲበላሽ ሌላው ሰው ሣጥኑን ከፍቶ ሲጎለጉል ይውላል፤ ኃይለመስቀል ወረቀቱን ዘርግቶ፣ በትንሿ ጣቱ መስመሩን እየተከተለ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሩን ያንቀሳቅስና ሳይነሳ «ሦስተኛው ብሎን ላልቷል» ይላል። ሄደው ሲያዩት ላልቶ ይገኛል። በዚህ ይኮራ ነበር፤ ደግሞም ኩራቱ ትንሽ አልነበረም።

ሁለት ነገር ልንገራችሁ፣ ያዙልኝ። አንደኛው፣ የዚያን ጊዜ ስልክ ያለ መሬት አይናገርም። አንዱ ሽቦ በግንድ ላይ ይሄዳል፤ ሌላው ከብረት ዘንግ ጋር ታስሮ እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀበራል። በወረቀቱ ላይ ምልክቱ ሦስት መስመር ነው፦ አንድ ረጅም፣ ከሥሩ አጠር ያለ፣ ከሥሩ ደግሞ በጣም ያጠረ። «መሬት» ይባላል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ኃይለመስቀል በየማለዳው ውኃ ያጠጣዋል። ጎረቤቱ «አባ ሽቦ ብረት ተክሎ ያጠጣል፤ መቼ ይሆን የሚያፈራለት» እያለ ይስቅበት ነበር።

ሁለተኛው ሌባ ነው። መንገዱን ስቶ የሣጥኑን ብረት የነካ ሽቦ ድምፁን ይሰርቅና አፈር ውስጥ ይደፋዋል። ስልኩ እንደ ንብ ቀፎ እምምም ይላል። በስልክ ቤት ቋንቋ እንዲህ ያለው ሽቦ «ሌባ» ነው፤ ሌባ ከተገኘ ደግሞ ምሕረት የለም፣ ይቆረጣል። ኃይለመስቀል ሃያ አምስት ዓመት ሌባ ሲቆርጥ ኖሯል። መከራውም የመጣው በዚሁ ነው።

ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኝ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ጣልያን አዲስ አበባ ከገባ ወራት አልፈዋል፤ ባሌ ግን ገና አልተያዘም። ጊኒር ላይ የቀረ ጦር ነበር። የኃይለመስቀልና የአሰገደች አንድያ ልጅ ደጀኔ እዚያው ነው፤ ሽቦ በሌለው ስልክ፣ በነፋስ ስልክ ማለት ነው፣ ወሬ ተቀባይ ሆኖ። የጎባና የጊኒር የስልክ መስመር ከተቆረጠ አርባ ቀን ሆኖታል። አባትና እናት ስለ ልጃቸው የሚያውቁት አንድም ነገር አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት አንዲት አሮጌ አይሮፕላን ከጊኒር በኩል መጥታ ከጎባ ወጣ ብሎ ያለው የሮቤ ገበያ ሜዳ ላይ ልታርፍ ስትል ጉም ጋረዳት፤ ሜዳውን ስታ የሰው ገብስ ውስጥ በአፍንጫዋ ተተከለች። የሚያበራት ፈረንጅ ደረቱ ተሰብሮ ነበር። ከሜዳው ዳር የሚኖሩት ወይዘሮ ፀሐይ ቤታቸው አስገብተው አስተኙት፤ የሚሰማው ቋንቋ አልተገኘም፣ ማታውን ሞተ። ከመሞቱ በፊት ግን ተጠርቶ ለመጣው ለኃይለመስቀል ሁለት ወረቀት ሰጥቶታል። አንደኛው ከደጀኔ የተላከ ደብዳቤ ነው።

«ለአባቴ። ጥይት አልቆብናል፤ የታመመ ሰው ብዙ ነው፤ እኔንም ንዳዱ አልለቀቀኝም። ወደ ጎባ ልንመጣ እንፈልጋለን፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ግን አናውቅም። አይሮፕላኗ ውስጥ ነፋስ ስልክ አለ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ሦስት ሦስት ጊዜ እየመታሁ እጠራዎታለሁ። ቃል አይላኩ፣ ጣልያን ይሰማል። መንገዱ ደኅና ከሆነ መምቻውን አንድ ጊዜ ብቻ ረዘም አድርገው ይንኩት፤ ያንን እንደ ሰማን እንነሳለን። እስከ ረቡዕ ካልነኩት ግን ጎባ ተይዟል፣ እርስዎም የሉም ብለን በደሎ አገር በኩል ዞረን ወደ ሪራ ጫካ እንገባለን። እማዬን ይሳሙልኝ።»

አሰገደች ደብዳቤው ሲነበብላት መሬት ላይ ተቀመጠች። «በንዳድ ሰውነቱ ሪራ ይገባል? በዚያ ጫካ፣ በዚያ ዝናብ? ልጄ ይሞትብኛል! እርስዎ ያንን ነገር ይንኩልኝ፣ አደራ በሰማይ አደራ በምድር» አለችው። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ስትኖር ባሏን «እርስዎ» ከማለት ውጪ ጠርታው አታውቅም።

«እነካዋለሁ» አላት። «ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ወረቀት ካለ ምን ችግር አለ?»

ሁለተኛው ወረቀት የአይሮፕላኗ የሽቦ ንድፍ ነበርና።

የዚያን ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ኃይለመስቀል ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አይሮፕላኗ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሣጥኑ እምምም ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም። ስትወድቅ የተበጠሱ ሽቦዎች አሉ ብሎ ማክሰኞ ከማለዳው ወረቀቱን ይዞ ገባ። ባትሪውን አወቀ። መምቻውን አወቀ። ኃይል ሲያልፍ የምትበራውን ትንሽ መብራት አወቀ። የተበጠሱትን ሁለት ሽቦዎችም አግኝቶ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ያየው ነገር ግን ራሱን አዞረው፤ ያ ሦስት መስመር፣ የመሬት ምልክት፣ በወረቀቱ ላይ አሥራ አንድ ቦታ ተሥሏል።

«መሬት?» አለ ብቻውን። «ሰማይ ለሰማይ ለምትሄድ ነገር? አሥራ አንድ ቦታ? ይኼን የሣለው ሰውዬ ጠጥቶ ነው!»

ወረቀት ተሳሳተ ሲል ያ ቀን የመጀመሪያው ነበር። አንድ ዘንግ ገብሱ መሃል ቀበረ፣ ውኃ አጠጣው፣ በረጅም ሽቦ ከሣጥኑ ጋር አገናኘው። እምምታው አልቆመም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ምን ይመልከት! ሽቦዎች የአይሮፕላኗን ብረት ነክተዋል። መንካት ብቻ አይደለም፣ በብሎን ታስረዋል። ቆጠራቸው፤ አሥራ አንድ ሌባ። ሥራ የማያውቅ ሰው እጅ ገብታለች፣ ለካ ነገሩ እዚህ ነው አለና ፒንሳውን አውጥቶ አንድ በአንድ ቆረጣቸው። አሥራ አንደኛው ሲቆረጥ እምምታው ጸጥ አለ። ኃይለመስቀል ደስ ብሎት ጭኑን መታ። በስልክ ቤት ጸጥታ ማለት መስመሩ ጠራ ማለት ነዋ!

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ምንም የለም። አሥር ሰዓት ሆነ። ምንም የለም። ባትሪውን እንኳ ሳያጠፋ፣ አሁን ይጠራል አሁን ይጠራል እያለ እስኪመሽ ተቀመጠ። ቤት ሲገባ አሰገደች ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

«ተናገረ?»

«ነገ» አለ። ራት አልቀመሰም። እሷም ይቅመሱ አላለችውም።

ረቡዕ የሮቤ ገበያ ነው፤ በኦሮምኛው «ሮቢ» ራሱ ረቡዕ ማለት ነው። ኃይለመስቀል ጠዋት አይሮፕላኗ ውስጥ ገብቶ ወረቀቱን ለመቶኛ ጊዜ ሲያነብ፣ የገብሱ ባለቤት ቃሲም ወደ ገበያ ሲያልፍ መጥቶ ቆመ። ቃሲም የኃይለመስቀል አባት ገባር የነበረ ሰው ልጅ ነው። ሁለቱ በልጅነታቸው አብረው ከብት ጠብቀዋል፤ አድገው ግን አንዱ የባለመሬት ልጅ፣ አንዱ የገባር ልጅ ሆኑ። ሰላምታ አይቀርም፣ ሰላምታው ግን እሾህ አያጣም።

«አካም ቡልቴ፣ አባ ሽቦ» አለ ቃሲም። «ይህቺ ወፍህ ከገብሴ ላይ መቼ ነው የምትነሳልኝ?»

«ተወኝ ኦቦ ቃሲም። ልጄን አጥቼ ልቀር ነው። ላፋ አጥቼ ነው፤ መሬቷ የት እንደሆነ ጠፋብኝ።»

ቃሲም ከትከት ብሎ ሳቀ። «ወላሂ፣ እናንተ ላፋ አጣን ስትሉ ዛሬ ሰማሁ! ስትበር መሬቷ የት ነበር?»

«የላትማ። ሰማይ ላይ ምን መሬት አለ።»

«እንዲያ ከሆነ ይዛው ነው የምትሄደው። ከናንተ ትሻላለች። እናንተ ከሸዋ ስትመጡ መሬት ተሸክማችሁ አልመጣችሁም፣ የኛው ላይ ነው ቁጭ ያላችሁት። ይህቺ ግን የራሷን ይዛ መጥታለች» ብሎ በዱላው የአይሮፕላኗን ብረት ጎን ኳ አደረገና መንገዱን ቀጠለ።

የተናገረው ለመውጋት ነበር። ኃይለመስቀል ግን አልተወጋም፤ ፒንሳው ከእጁ ወደቀ። ብረቷ! ሥጋዋ ራሱ ነው መሬቷ! ወረቀቱ አልሰከረም። አሥራ አንዱም ሌባ አይደሉም፣ ሥሮች ናቸው፤ እሱ በገዛ እጁ ነቅሏቸዋል። «እኔ ደንቆሮ! እኔ አህያ! ሃያ አምስት ዓመት አነባለሁ ስል የኖርኩ መሃይም!» እያለ ፊቱን በሁለት እጁ መታ። ትናንት የልጁን ድምፅ በፒንሳ ሲቆርጥ መዋሉ ነው።

እያለቀሰ ቀጠላቸው። ብሎን ሲያመልጠው ገብስ ውስጥ በአራት እግሩ እየዳኸ ይፈልጋል። ሰባት ሰዓት ላይ አሥራ አንደኛው ታሰረና ማዳመጫውን ሲያደርግ እምምታው ተመልሶ፣ ከእምምታው ጀርባ የሩቅ የሩቅ ጣቢያ ጭርጭርታ ሰማ። ዓለም ሁሉ እየተናገረ ነበር። ለሙከራ መምቻውን ነካ አደረገው። ትንሿ መብራት ቦግ አለችና እንደ ፍም ቀላች፤ እስክትመለስ አንድ ሰዓት ፈጀባት። ማክሰኞ ሳያጠፋው የዋለው ባትሪ ተሟጦ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ያስነካል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ቢሆንስ? ልጁ የጠየቀው አንድ ብቻ አይደል!

አሰገደች በእንጨት ቆሪ ጭኮ፣ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት፣ ይዛ ስትመጣ ባሏ እየሳቀ አገኘችው። ሲያሳያት፣ ሲያስረዳት፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሲያደርግላት እልልታ ልትለቅ ስትል አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ዘጠኝ ስንት ቀረው?» አለች። ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ጭኮውን ለልጇ ታስቀምጥ ጀመር፤ ጊኒር ሁለት ቀን መንገድ ነው፣ አርብ ይደርሳል ብላ።

ያኔ ነው ቃሲም ሜዳውን እያቋረጠ ሲሮጥ የመጣው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሲሮጥ ደግ ወሬ አይዝም።

«አባ ሽቦ!» አለ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ። «ገበያው ተበተነ። የሲናና ሰዎች ግማሹ ከመንገድ ተመልሷል። ጣልያን ዛሬ ንጋት ላይ ሲናና ገብቷል፤ በጊኒር መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሸለቆው ውስጥ መትረየስ ጠምዶ ተኝቷል። ከወዲያ የሚመጣ ሰው ይጠብቃል። ለአንተ ብዬ አይደለም የሮጥኩት። ልጅህ የስልክ ግንድ ሲተክል ከማሳዬ አውጥቶ በዳር ነው ያዞረልኝ፤ ለሱ ብዬ ነው።»

ኃይለመስቀል መምቻውን አየ፣ መብራቷን አየ። በነፋስ ስልክ እያንዳንዱ ፊደል በብዙ ምት ነው የሚላከው፤ «አትምጣ» ለማለት ከሃያ ጊዜ በላይ መምታት ያስፈልጋል፤ ባትሪው ያለው ለአንድ ነው። ከ«አትምጣ» ውስጥ የመጀመሪያዋ ምት ብቻ ትደርሳለች፤ ያቺ አንዷ ደግሞ በደብዳቤው ቃል «ና» ማለት ናት። ምን ቢያደርግ፣ የነካው እንደሆነ ልጁን ወደ መትረየሱ ይጠራዋል። ፈረሰኛ ልላክ ቢል መንገዱ ተይዟል። ቀስ ብሎ እጁን ከመምቻው አንስቶ ብብቱ ውስጥ ከተተው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደጀኔ መጣ።

ጠራ ያለ፣ ፈጠን ያለ ምት ነበር፤ ኃይለመስቀል ራሱ ያስተማረው እጅ፣ በሺህ ምት መካከል የሚለየው። ሦስት ጊዜ። ዝም። ሦስት ጊዜ። ዝም። አሰገደች ምቱን ከማዳመጫው ውጪ ትሰማዋለች፣ እንደ ዶሮ ጫጩት ቺጭ ቺጭ ሲል። «እሱ ነው? ልጄ ነው?» አለች። አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀላት።

«እርስዎ ይንኩልኝ! አለን ይበሉት!»

«ከነካሁት ይመጣል። ከመጣ ይሞታል።»

«እንዳለን ብቻ ይወቅ! አንዴ ብቻ!»

«አንዴው ነው የሚገድለው፣ አሰጉዬ!»

አልሰማችም። እናት ናት፣ እንዴት ትስማ? ያ ቺጭ ቺጭ የሚለው አርባ ቀን ድምፁን ያጣችው ልጇ ነው። እጇን ወረወረች። ኃይለመስቀል ከመምቻው ጣት ሲቀራት ያዛት። ነከሰችው። «ልቀቀኝ! አንተ ድንጋይ! አንተ አረመኔ! ልጄ ይጠራኛል አንተ!» እያለች ታገለችው፤ በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለችው። ሁለት እጇን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ በራሱ ላይ ማዳመጫው እንዳለ፣ እንባው ፀጉሯ ላይ እየወረደ ያዛት። ቃሲም ውጪ ቆሞ ፊቱን ወደ ገብሱ አዞረ።

ሦስት ጊዜ። ዝም። ይህ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ምቱ እየዘገየ መጣ፤ ልመና ሆነ። በመጨረሻ ደጀኔ ቃል አይላክ ያለውን የራሱን ሕግ ሰብሮ፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብሎ ላከ። ኃይለመስቀል ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበው፦

«አባቴ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግልዎ።»

ከዚያ በኋላ እምምታው ብቻ ቀረ።

«ምን አለ?» አለችው አሰገደች፣ ደክማ።

«በሪራ እንሄዳለን አለ» አላት። የሰማውን ቃል ዋጠው።

ጣልያን ጎባ ገባ፣ ስልክ ቤቱን ያዘ፣ አባ ሽቦን «ና ሥራ» ቢለው ዓይኔ አያይልኝም፣ ወረቀት ማንበብ ትቻለሁ አለ። ግማሹ እውነት ነበር። አሰገደች ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥባለች፤ አፍ አውጥታ ግን አትጠራውም። «እርስዎ»ም የለ፣ «አንተ»ም የለ። ጎረቤት ሲመጣ እንኳ «ሰውዬው እቤት የለም» ትል ነበር። እሱም ተገቢ ነው ብሎ ተቀበለ። ማለዳ ማለዳ ግን ሳይታወቀው ውኃ በጣሳ ይዞ ወደ ድሮው ዘንግ ሲሄድ መንገድ ላይ ይነቃና ይመለሳል።

ከሰባት ወር በኋላ አንድ ማር ሻጭ ከሪራ ወርዶ ደጃፋቸው ላይ አረፈ። አሰገደች ማሩን ስትቀምስ ሰውየው የሻጭ ወሬውን ጀመረ።

«የዚህን ማር አቻ የጠጣው ጦር ነው፣ እመቤቴ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከጊኒር የመጡ አርበኞች ጫካችን ነበሩ። አንድ ቀጭን ልጅ፣ ንዳድ የጨረሰው፣ የነፋስ ስልክ ሣጥን የሚሸከም፣ ሰዓቱን ሰጥቶኝ አንድ ገንቦ ማር ወሰደ። የአባቱን ተዝካር ሊያወጣ ነው አሉኝ። ጎባ ነበር አሉ አባቱ፣ ጣልያን የገደለው። አርባውን ቆጥሮ፣ ቄስ ለምኖ፣ ጠጅ ጥሎ አወጣለት። ያን ቀን የበላን ሰዎች እስካሁን እናወራዋለን።»

ኃይለመስቀል መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሰገደች ዞር ብላ አየችው፣ ከዚያ ማር ሻጩን።

«ልጁ ዳነ?»

«ድኖ ነበር። ከገና በኋላ ጦሩ ወደ ቦረና ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን የሰማ የለም።»

ማር ሻጩ ከሄደ በኋላ የማሩን ዕቃ ከደነች። «ያን ዕለት የላከው በሪራ እንሄዳለን ብቻ አልነበረም» አለች፣ ለግድግዳው እንደምትናገር።

«አልነበረም።»

«ምን ነበር?»

ነገራት። አፈሩን ገለባ ያድርግልዎ ማለቱን፣ ፊደል በፊደል ሲልከው እጁ እንዴት እንደዘገየ ነገራት። ሰባት ወር ብቻውን የዋጠው ነገር ነበር።

አሰገደች ጓዳ ገብታ በትንሽ ሣህን ከማሩ ቀዳች። ይዛ መጥታ ፊቱ አስቀመጠችው፤ እሷም አጠገቡ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ልጅዎ ያወጣልዎ ተዝካር ነው» አለችው። «እርስዎም ይቅመሱ።»

ኃይለመስቀል ጣቱን ሰደደና ቀመሰ።